ከብሎን እስከ ዩኤስቢ-ሲ፦ የላፕቶፕና የውጭ ሞኒተር ግንኙነት ታሪካዊ ቅኝት

ላፕቶፕን ከውጭ ሞኒተር ወይም ከፕሮጀክተር ጋር ማገናኘት ገመድ ከመሰካት ያለፈ ሥራ አይመስልም። ይሁን እንጂ ስብሰባ አዳራሽ ለሚያዘወትር ሰው ትዕይንቱ እንግዳ አይደለም፤ ተናጋሪው ቆሞ ይጠብቃል፣ ቴክኒሻኑ ገመዱን ይነቅላል ይሰካል፣ ግድግዳው ላይ ግን «ኖ ሲግናል» የሚለው ጽሑፍ አልወርድ ብሎ ይቀራል። በመሐል ከታዳሚው አንዱ «አጥፍተህ አብራው» ይላል። ብዙ ጊዜም ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ቅኝት መልሱን ከታሪኩ ውስጥ ይፈልጋል። መነሻ ሐሳቡም አንድ ነው፤ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ የሚያጋጥም የማሳያ ችግር ሁሉ የተወለደበት ዘመን አለው። ቢጫ የመታ ምስል የ1980ዎቹ ልጅ ነው። ጠርዙ የተቆረጠ ምስል ከቴሌቪዥን የመጣ ውርስ ነው። ባትሪ እየሞላ ምስል የማያሳልፍ ገመድ ደግሞ የቅርብ ዓመታት ፍሬ ነው። ሶኬቶቹ ሲቀያየሩ አዲሱ ችግር በአሮጌው ላይ ተነባበረ እንጂ አሮጌው አልጠፋም። ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ጅማሬውን ከ1981 እናድርግ። አይቢኤም በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር የግል ኮምፒውተሩን ገበያ ላይ ሲያውል ለሞኒተር ሁለት ዓይነት ካርድ አቀረበ። አንደኛው ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ፣ ለቢሮ ሥራ የታሰበ ነበር፤ ሁለተኛው ቀለም ያሳያል፣ ግን በ320 በ200 ነጥብ ላይ ከአራት ቀለም አያልፍም። ሁለቱም ባለ 9 ፒን ሶኬት ነበራቸው፤ መልካቸው አንድ፣ የሚልኩት ምልክት ግን የተለያየ። የጽሑፉን ሞኒተር ከማይስማማው ካርድ ጋር ያገናኘ ሰው የሚያጣው ምስል ብቻ አልነበረም፤ ሞኒተሩ ራሱ ሊበላሽ ይችል ነበር። ሶኬቱ ገባ ማለት ሠራ ማለት እንዳልሆነ ተጠቃሚው የተማረው ያኔ ነው፤ ይህ ትምህርት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በዩኤስቢ-ሲ በኩል በአዲስ መልክ ይመለሳል።

በዚያው ዓመት የወጣው ኦዝቦርን 1 የተባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር 11 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ ስክሪኑ ግን 5 ኢንች ብቻ። አምራቹ ይህ እንደማይበቃ ስላወቀ የውጭ ሞኒተር የሚገናኝበት መውጫ አበጀለት። ትንሹን ስክሪን ከትልቅ ጋር የማገናኘት ፍላጎት እንግዲህ ከተንቀሳቃሹ ኮምፒውተር ጋር እኩያ ነው።

ቀጣዩን ምዕራፍ የከፈተውም አይቢኤም ነው። በ1987 ፒኤስ/2 ከተባሉት ኮምፒውተሮቹ ጋር ቪጂኤን አወጣ፤ 640 በ480 ነጥብ፣ 16 ቀለም፣ ባለ 15 ፒን ሶኬት። ምልክቱ አናሎግ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በየራሳቸው ሽቦ፣ ከ0 እስከ 0.7 ቮልት ከፍ ዝቅ በሚል ኤሌክትሪክ ይላካሉ፤ ሌሎች ሁለት ሽቦዎች ደግሞ መስመሩ የት እንደሚያልቅና ገጹ የት እንደሚጀምር ለሞኒተሩ ያሳውቃሉ። ከዚያ ውጭ በሁለቱ መካከል ብዙም ወሬ የለም። ኮምፒውተሩ ይልካል፣ ሞኒተሩ ይቀበላል።

ይህን ገመድ እጅ ላይ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ግራና ቀኝ ሁለት ብሎን፣ መሐል ላይ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ቀጫጭን ፒኖች አሉት። ብሎኑ ካልጠበቀ ሶኬቱ በገመዱ ክብደት ያዘነብላል፤ ሲያዘነብል አንዱ ፒን መነካካቱን ያቆማል። የለቀቀው የሰማያዊው ፒን ከሆነ ነጭ የነበረው ሁሉ ቢጫ ይሆናል። የቀዩ ከሆነ ምስሉ ወደ ውሃ ሰማያዊ ያደላል፤ የአረንጓዴው ከሆነ ሐምራዊ ይለብሳል። ልምድ ያለው ቴክኒሻን ቀለሙን ከሩቅ አይቶ የትኛው ፒን እንደጎበጠ ይገምታል፤ ገመዱን ነቅሎም በቀጭን መቆንጠጫ ቀስ ብሎ ያቃናዋል። ያለ ምንም ሶፍትዌር በዓይን ብቻ የሚመረመር ችግር ከዚህ ዘመን በኋላ ብዙም አናገኝም።

ቪጂኤ ሌሎች ልማዶችንም አውርሶናል። ገመዱ ሲረዝም በፊደሎቹ ጎን ጥላ ይታያል። ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ ከሚችለው በላይ በሆነ ፍጥነት ሲልክ «አውት ኦፍ ሬንጅ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ግን ገመዱ መሰካቱን ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቅ የተለየ ሽቦ አልነበረም፤ ላፕቶፑ ፕሮጀክተር መኖሩን የሚፈትሸው ብዙ ጊዜ ሲነሣ ወይም ተጠቃሚው ሲያዘው ነበር። «መጀመሪያ ፕሮጀክተሩን፣ ከዚያ ላፕቶፑን አብራ» የሚለው ምክርም፣ የኤፍኤን ቁልፍን ከላይኛው ረድፍ ቁልፎች ከአንዱ ጋር ደጋግሞ መጫንም የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። በአጭሩ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሦስት ዓመታት የዲዳ ሽቦ ዘመን ነበሩ።

ሞኒተሩ አፉን የፈታው በ1994 ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው ቬሳ የተባለው የደረጃ አውጪዎች ማኅበር በዚያ ዓመት አዲስ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ሞኒተር ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ፣ ስንት ነጥብ በምን ፍጥነት ማሳየት እንደሚችል የሚናገር የ128 ባይት መግለጫ በውስጡ ይይዛል፤ ኮምፒውተሩም በዚያው በቪጂኤ ገመድ ፒኖች በኩል ያነበዋል። መግለጫው ኢዲአይዲ ይባላል። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው፤ በኋላ ከመጣው ከዲጂታሉ ሽግግርም ይበልጣል። ከዚህ በፊት ችግሩ ሁሉ የሽቦ ነበር። ከዚህ በኋላ ሽቦው ደህና ሆኖ መግባባቱ ሊፈርስ ይችላል።

ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ዛሬም በየቢሮው ይታያል። አንዱን ምስል ለሁለት ፕሮጀክተር የሚያከፋፍል ርካሽ ስፕሊተር ወይም አንዳንድ ፒኖቹ የጎደሉት ማስረዘሚያ ገመድ ቀለሙን ያሳልፋል፣ መግለጫውን ግን አያሳልፍም። ላፕቶፑም ከማን ጋር እንደተገናኘ ስለማያውቅ ለማንም ይሆናል ብሎ የሚያስበውን፣ ብዙ ጊዜም 1024 በ768 ነጥብ የሆነውን ምስል ይልካል። ውጤቱ ጎኑ የተለጠጠና የደበዘዘ ስክሪን ነው። ሰው ሞኒተሩ አርጅቷል ብሎ አዲስ ሊገዛ ይነሣል፤ የጠፋው ግን 128 ባይት ብቻ ነው። የ«አጥፍተህ አብራው» ምሥጢርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ማጥፋትና ማብራት ሁለቱን መሣሪያዎች እንደ አዲስ ያስተዋውቃቸዋል፤ መግለጫው እንደገና ይነበባል። ሞኒተሩን ከቁልፉ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው ሶኬት ነቅሎ ጥቂት መጠበቅ ይበልጥ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፤ በቁልፍ የጠፋ ሞኒተር ሙሉ በሙሉ አይጠፋምና።

ከዚያ የዲጂታሉ ዘመን መጣ። ጠፍጣፋ ስክሪን እየተስፋፋ ሲሄድ ዲጂታሉን ምስል ወደ አናሎግ፣ አናሎጉን መልሶ ወደ ዲጂታል መቀየር ትርጉም አጣ። ዲቪአይ በ1999 ወጣ፤ ገመድ ሲሰካና ሲነቀል የሚያሳውቅ ፒንም ይዞ መጣ። በ2002 መጨረሻ ደግሞ ሶኒ፣ ሂታቺ፣ ቶሺባ፣ ፊሊፕስ፣ ቶምሰን፣ ፓናሶኒክና ሲሊከን ኢሜጅ የኤችዲኤምአይን የመጀመሪያ ደንብ አወጡ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የቴሌቪዥን ቤቶች መሆናቸውን ልብ እንበል። ኤችዲኤምአይ የተፀነሰው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ሲመጣ የሳሎኑን ልማድ ሁሉ ይዞ መጣ።

ከልማዶቹ አንዱ ጠርዝ መቁረጥ ነው። የጥንቱ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የምስሉን ዳር ከክፈፉ ሥር ይደብቅ ነበር። ቱቦው ከጠፋ በኋላም ልማዱ ቀረ፤ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኘ ሰው የዊንዶውስ የታችኛው መስመር ተቆርጦ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ላፕቶፑን መነካካት ትርፉ ድካም ነው። መፍትሔው ቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ፣ የምስል መጠን ከሚለው ሥር «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» ተብሎ ይገኛል። ሁለተኛው ልማድ የቀለም ነው። ኮምፒውተር ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ብሎ ሲቆጥር ቴሌቪዥን ከ16 እስከ 235 ይቆጥራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ጥቁሩ አመድ ይመስላል፤ ወይም ጨለማ ውስጥ ያለው ሁሉ ይዋጣል። ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ ኤችዲኤምአይ ድምፅም ስለሚሸከም ገመዱ ሲሰካ ድምፁ ወደ ሞኒተሩ ይሄዳል፤ ሞኒተሩ ስፒከር ከሌለው ላፕቶፑ ድንገት ዲዳ ሆነ ይባላል።

አራተኛው ከሁሉም ያስከፋል። ኢንቴል ያበጀው ኤችዲሲፒ የተባለው መቆለፊያ ፊልም እንዳይቀዳ የሚጠብቅ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለ አንድ መሣሪያ መቆለፊያውን ካላወቀ ሌላው ሁሉ እየታየ ፊልሙ ብቻ ጥቁር ይሆናል። የመቆለፊያው ዋና ቁልፍ በ2010 አደባባይ ወጥቷል፤ ኢንቴልም አምኗል። ቀጂውን ያቆመው አይመስለኝም፤ የገዛውን ፊልም በፕሮጀክተር ሊያይ የተነሣውን ቤተሰብ ግን ዛሬም ያስቸግራል።

የኤችዲኤምአይ ሌላው ፈተና ሶኬቱ ሳይቀየር ውስጡ መቀያየሩ ነው። የመጀመሪያው ደንብ በሴኮንድ ወደ 5 ጊጋቢት ገደማ ይሸከም ነበር፤ ለ1920 በ1080 ምስል ይበቃል። የ2009ኙ 1.4 ደንብ ፎር-ኬ ምስልን አስገባ፣ ግን በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ። በ2013 የወጣው 2.0 ወደ 18 ጊጋቢት አድርሶ 60 ጊዜ አስቻለ፤ የ2017ቱ 2.1 ደግሞ እስከ 48 ጊጋቢት። አሮጌ ገመድ አዲስ ሞኒተር ላይ ሲሰካ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ነጫጭ ነጥብ ይረጫል፤ ወይም ላፕቶፑ ወደ 30 ይወርድና የማውሱ ቀስት ተጎታች ይሆናል። ሰው ኮምፒውተሩ ቀረፈፈ ይላል። ቀርፋፋው ገመዱ ነው።

ኮምፒውተር ሠሪዎቹ በበኩላቸው በ2006 በቬሳ በኩል ዲስፕሌይፖርትን አመጡ። በዚህ ገመድ ምስሉ እንደ ኢንተርኔት መረጃ እየተቆራረጠ በጥቅል ይላካል። ከመላኩ በፊትም ሁለቱ መሣሪያዎች ወንዝ ማዶ ለማዶ ሆነው እንደሚጣሩ እረኞች ይፈታተሻሉ፤ ካልተሰማ ኃይል ይጨመራል፣ አሁንም ካልተሰማ ፍጥነቱ ይቀነሳል። የደከመ ገመድ በቪጂኤ ዘመን ጥላ ያሳይ ነበር፤ በዲስፕሌይፖርት ግን ዝቅ ያለ ጥራት ይሰጣል ወይም ጭራሹን ዝም ይላል።

ከዚህ ዘመን የቀረ አንድ ወጥመድ በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። ከላፕቶፑ ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ርካሽ ገመድ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ የላፕቶፑ መውጫ አስፈላጊ ሲሆን በኤችዲኤምአይ ሥርዓት መላክም እንዲችል ተደርጎ ስለሚሠራ ነው። ኤችዲኤምአይ ግን የዲስፕሌይፖርትን ሥርዓት አያውቅም። ያንኑ ገመድ ገልብጦ ከላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተሩ ዲስፕሌይፖርት የሰካ ሰው ሁለቱም ጫፎች ልክክ ብለው ይገቡለታል፤ ምስል ግን አይመጣም። ለዚያ አቅጣጫ በውስጡ ቺፕ ያለው፣ ብዙ ጊዜም የራሱ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መቀየሪያ ያስፈልጋል። በስህተት የተሠሩ የዲስፕሌይፖርት ገመዶችም ነበሩ፤ ጫፍ ለጫፍ መያያዝ የሌለበትን 20ኛውን ፒን አያይዘው ከሞኒተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያስገቡና ኮምፒውተሩን አልነሣም የሚያሰኙ።

በታኅሣሥ 2010 ኢንቴል፣ ኤኤምዲ፣ ዴል፣ ሌኖቮ፣ ሳምሰንግና ኤልጂ ቪጂኤን እስከ 2015 እንደሚሰናበቱት አስታወቁ። ከላፕቶፖች ላይ በእርግጥ እየጠፋ ሄደ፤ ከጣሪያ ላይ ግን አልወረደም። አገራችን ውስጥም የቪጂኤ ገመድ የሚንጠለጠልባቸው አዳራሾች ጥቂት አይደሉም። አዲስ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣው ተናጋሪ አዳፕተር ይፈልጋል፤ አዳፕተሩ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ቺፕ ከሌለው ግን ጌጥ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሶፍትዌሩም የራሱን መንገድ ሄዷል፤ ዝርዝሩን ለባለሙያው ትተን ዋና ዋናውን ብቻ እንንካ። አፕል በ1987 በማኪንቶሽ 2 ላይ ከአንድ በላይ ሞኒተር እንዲሠራ አድርጓል፤ በማይክሮሶፍት በኩል ይህ በዊንዶውስ 98 መጣ። ዊንዶውስ 7 በ2009 የዊንዶውስን ቁልፍና የ«ፒ» ፊደልን ቁልፍ አንድ ላይ በመጫን ከአራት አማራጮች መምረጥን አስለመደ፤ ላፕቶፑ ብቻ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ የተዘረጋ፣ የውጭው ብቻ። «ሞኒተሬ አይሠራም» ከሚሉት ብዙዎቹ እዚህ ላይ የመጀመሪያው ምርጫ ላይ የቀሩ ናቸው። በ2010 ኤንቪዲያ ባስተዋወቀው ኦፕቲመስ ደግሞ ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ ቺፕ እያፈራረቀ መጠቀም ጀመረ፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአዩ መውጫ የተያያዘው ከአንደኛው ጋር ብቻ ስለሆነ የዚያ ድራይቨር ሲበላሽ የላፕቶፑ ስክሪን እየሠራ መውጫው ይሞታል። ከ2012 ወዲህ በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ነጥቦች እጅግ ሲበዙ መስኮቱን ወደ ውጭ ሞኒተር ሲጎትቱት ፊደሉ የሚያብጥበት ወይም የሚደበዝዝበት ችግር ተጨመረ።

የዛሬው ዘመን በ2014 ይጀምራል። ባለ 24 ፒኑ ዩኤስቢ-ሲ በዚያ ዓመት ጸደቀ፤ በወሩ ገደማ ቬሳ በዚሁ ሶኬት ውስጥ ዲስፕሌይፖርት እንዲያልፍ የሚያስችለውን ስምምነት አስታወቀ። አፕል በ2015 አንድ ዩኤስቢ-ሲ ብቻ ያለው ማክቡክ ሲያወጣ ቻርጅ፣ ፋይልና ምስል በአንድ ቀዳዳ የሚገቡበት ጊዜ መድረሱ ታወቀ። ሐሳቡ ያማረ ነው። አፈጻጸሙ ግን ወደ 1981 መለሰን፤ መልክ አንድ፣ ውስጥ ልዩ ልዩ።

ገመዱን እንመልከት። ከስልክ ጋር የሚመጣው ዩኤስቢ-ሲ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ለቻርጅና ለዝግተኛ መረጃ የሚሆኑትን ሽቦዎች ብቻ ይይዛል፤ ምስል የሚሄድባቸው ፈጣን ሽቦዎች ውስጡ የሉም። ላፕቶፑ ባትሪው እየሞላ ሞኒተሩ ምልክት የለም ካለ ተጠርጣሪው ይህ ገመድ ነው። የላፕቶፑ ቀዳዳም ሁሉም እኩል አይደለም፤ አንዱ ምስል ያወጣል፣ ጎኑ ያለው መንትያው አያወጣም። ሀብ ከተጨመረ ሌላ ነገር ይመጣል። በሶኬቱ ውስጥ ያሉት አራት ፈጣን መስመሮች ለሁለት ተከፍለው ግማሹ ለፍላሽና ለሐርድ ዲስክ ሲሰጥ ለምስል ሁለቱ ይቀራሉ፤ የብዙ ሀቦች ፎር-ኬ ምስል በ30 የሚቀረው ለዚህ ነው።

ሌሎች ሁለት ጉዳዮችን በአጭሩ። ዲስፕሌይሊንክ የተባለው ቴክኖሎጂ ምስሉን በሶፍትዌር ጨምቆ እንደ ተራ የዩኤስቢ መረጃ ይልካል፤ ስለዚህ ድራይቨሩ ካልተጫነ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ምስል የለም። በ2020 መጨረሻ የመጡት ባለ ኤም 1 ማክቡኮች ደግሞ በመደበኛው መንገድ የሚያስተናግዱት አንድ የውጭ ሞኒተር ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለመጨመር ገመድ የለወጠ ሰው ገንዘቡን ከሰረ፤ ወሰኑ ቺፑ ውስጥ ነውና።

ችግር ሲገጥም እንግዲህ የመመርመሪያው ቅደም ተከተል ከታሪኩ ቅደም ተከተል ጋር ይገጥማል። በመጀመሪያ የ1980ዎቹን ጥያቄ እንጠይቅ፤ ሶኬቱ ጠብቋል ወይ፣ ሞኒተሩ ሜኑ ላይ የተመረጠው መግቢያ ገመዱ የተሰካበት ነው ወይ፣ ሌላ ገመድ ብንሞክርስ? ቀጥሎ የ1994ን፤ ስፕሊተሩንና ማስረዘሚያውን አውጥተን ሁለቱን በቀጥታ ስናገናኝ ይተዋወቃሉ ወይ? ከዚያ የኤችዲኤምአይንና የዲስፕሌይፖርትን ዘመን፤ ጥራቱን ወደ 1920 በ1080፣ ፍጥነቱን ወደ 60 ስናወርደው ምስሉ ይመጣል ወይ? ከመጣ የጎደለው አቅም ነው፣ ገመድ ይለወጥ። ድራይቨር መጫንና ሲስተም ማደስ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምርና ግማሽ ቀን ያጠፋል።

የአውሮፓ ኅብረት ዩኤስቢ-ሲን ለስልኮችና ለታብሌቶች ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ አስገድዷል፤ ለላፕቶፖች የተቀመጠው ቀን ሚያዝያ 28 ቀን 2026 ነው። ሕጉ ግን የሚገዛው ቻርጅን ነው፤ ቀዳዳው ምስል ያውጣ አያውጣ የአምራቹ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ ወይም ገመድ ሲገዙ ሻጩን «ዩኤስቢ-ሲ ነው ወይ» ብለው አይጠይቁ፤ «ምስል ያወጣል ወይ፣ በስንት» ብለው ይጠይቁ፣ ከተቻለም እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞኒተር ላይ ሰክተው ያሳዩዎት።